«ራሱን ዐወቀ» ስንል፦ የጭንቅላት ጉዳት፣ ሂፖካምፐስና ትውስታ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል

አዘጋጆቹ ስላይድ እንዳላበዛ አስጠንቅቀውኛል፤ ስለዚህ አንድ ሥዕል ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፤ እርሱንም ቆየት ብዬ አሳያችኋለሁ።

በቋንቋችን አንድ ሰው ጭንቅላቱን ተመትቶ ሲወድቅ ራሱን ሳተ እንላለን። ዓይኑን ገልጦ፣ ስሙን ተናግሮ፣ ውኃ ሲጠይቅ ደግሞ ራሱን ዐወቀ ብለን ፈጣሪን እናመሰግናለን፤ አስታማሚው እፎይ ይላል፤ ጠያቂውም ተረጋግቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አነጋገሩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል ይጠቀልላል። መንቃት አንድ ነገር ነው፤ የነቁበትን ሰዓት ይዞ ለነገ ማቆየት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው የአንጎል ግንድና ከእርሱ ወደ ላይ የሚዘረጉ መስመሮች ሥራ ነው። ሁለተኛው በዋናነት የተመሠረተው በጆሮ ግንዳችን በኩል ባለው ቴምፖራል ሎብ ውስጠኛ ወገን፣ በግራም በቀኝም ተጠቅልሎ በሚገኝ፣ ከትንሽ ጣት በማይበልጥ አካል ላይ ነው። አንደኛው ሲመለስ ሌላው ላይመለስ ይችላል። የዛሬው ንግግሬ በሁለቱ መካከል ስላለው ክፍተት ነው።

ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዬ የነበረ አንድ ወጣት ከበዓል ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ግማሽ ሰዓት ያህል ራሱን ስቶ ቆየ፤ ሆስፒታል ደርሶ በሲቲ ስካን ቢታይ ደም የፈሰሰበት ቦታ አልተገኘም። በዐሥራ አንደኛው ቀን ከሆስፒታል ወጣ፤ በአምስተኛው ሳምንት «ትምህርቱን መቀጠል ይችላል» የሚል ወረቀት ይዞ ክፍሌ ገባ። ከአደጋው በፊት ከክፍሉ ቀደምት ተማሪዎች አንዱ ነበር። ስለ ልብ አሠራር ብጠይቀው፣ ይህ እንግዲህ የሁለተኛ ዓመት ትምህርት ነው፣ እንደ ድሮው አንድም ሳያጎድል አብራራልኝ። ደኅና ነው አልሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሰኞ ያስተማርሁትን ረቡዕ ስጠይቀው ትምህርቱን ቀርቶ ትምህርት መሰጠቱንም የማያውቅ ሆኖ አገኘሁት። ሁለት ጊዜ ታገሥሁት። በሦስተኛው በጓደኞቹ ፊት «ልብህን የት ጥለኸው ነው የምትመጣው?» አልሁት። ዝም አለ።

በማግሥቱ አብሮት የሚያድረው ልጅ ቢሮዬ መጥቶ፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ትላንት ማታ ሦስት ሰዓት ሙሉ አብረን አጥንተን ነበር። ዛሬ ጧት ተነሥቶ ‹መቼ ነው የምናጠናው?› ብሎ ጠየቀኝ» አለኝ። ያን ጊዜ ስለ ሂፖካምፐስ ማስተማር ከጀመርሁ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎኝ ነበር።

ሂፖካምፐስ የሚለው ስም በግሪክኛ የባሕር ፈረስ ማለት ነው። ይህን ስም ያወጣለት በቦሎኛ የነበረው የአካል መርማሪ ጁሊዮ ቼዛሬ አራንዚ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1587 ነው። ሥራው በግልጽ እስኪታወቅ ግን ከዚያ በኋላ ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ የታወቀውም በአንድ ሰው መከራ ነው። ሄንሪ ሞሌሰን በሚጥል በሽታ ክፉኛ የሚሠቃይ አሜሪካዊ ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሲሆነው፣ ዊልያም ስኮቪል የተባለው የአንጎል ቀዶ ሐኪም የሁለቱንም ወገን ቴምፖራል ሎብ ውስጠኛ ክፍል አወጣለት። የሚጥለው በሽታ ቀለለ። ሰውየው ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2008 ድረስ፣ አዲስ ገጠመኝ ይዞ ማቆየት ተሳነው። ለዐሥርታት ያጠኑትን ተመራማሪዎች በየጊዜው እንደ አዲስ ይተዋወቃቸው ነበር።

ከሞንትሪያል የመጣችው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ብሬንዳ ሚልነር አንድ ቀላል ሥራ ሰጠችው፦ እጁን በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽን ዙሪያ በእርሳስ መከተል። በመጀመሪያው ቀን ተንገዳገደ፤ በሦስተኛው ቀን እጁ ቀና። ሆኖም በየቀኑ ሥራውን ከዚህ በፊት ፈጽሞ አላየሁትም ይል ነበር። እጁ ተምሯል፤ እርሱ መማሩን አያውቅም። ትውስታ አንድ ጎተራ ሳይሆን በየራሳቸው መንገድ የሚሠሩ የተለያዩ ሥርዓቶች ስብስብ መሆኑን ከዚህ የበለጠ ያሳየ ማስረጃ በዘመኑ አልነበረም። ስኮቪልና ሚልነር ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ1957 አሳተሙ፤ የዘመናዊው የትውስታ ሳይንስ ልደት ከዚያ ይቈጠራል። ለተማሪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሞሌሰን ከሞተ በኋላ አንጎሉ ከሁለት ሺህ በላይ ስስ ቅጠሎች ሆኖ ተቆርጦ ሲመረመር የሂፖካምፐሱ የኋላ ክፍል በከፊል ቀርቶ ተገኝቷል። «ሂፖካምፐስ የሌለው ሰው» እያሉ የሚጽፉ የመማሪያ መጻሕፍት አሁንም አሉ፤ አትመኗቸው።

ሥዕሉን አሁን ላሳያችሁ። ይህ ሂፖካምፐስ ተሸንሽኖ ሲታይ ነው። ከውጭ የሚመጣው መልእክት በኢንቶራይናል ኮርቴክስ በኩል ይገባል፤ መጀመሪያ ዴንቴት ጋይረስ ወደሚባለው ጥርስ መሳይ ክፍል ይደርሳል፤ ከዚያ ሲኤ 3 ወደሚባለው፣ ቀጥሎም ሲኤ 1 ወደሚባለው የሕዋስ ረድፍ ያልፋል፤ በመጨረሻም ወደ ኮርቴክስ ይመለሳል። ዴንቴት ጋይረስ ተመሳሳይ ገጠመኞችን ይለያል፤ ለምሳሌ የትላንቱን ምሳ ከዛሬው ምሳ። ሲኤ 3 ከአንድ ፍንጭ ተነሥቶ ሙሉውን ትዕይንት መልሶ ይሰበስባል፤ የቡና ሽታ አንድን ሙሉ ግቢ፣ ሰዎቹንና ድምፃቸውን እንደሚመልስልን። ሌላ መውጫ መንገድም አለ፤ ፎርኒክስ የሚባል ቀስት መሳይ የነርቭ ጅማት ሂፖካምፐስን በአንጎል መካከል ካሉ ክፍሎች ጋር ያገናኛል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ እንዲህ በጥልቅ ተሸሽጎ የተቀመጠ አካል፣ ግንባሩን ከመቀመጫ ጋር በተጋጨ ሰው ላይ እንዴት ይጎዳል? የስኮቪል ቢላዋ ቦታውን ዐውቆ ቆርጦታል። አደጋ ግን እንዲህ አይመርጥም። ጭንቅላት በፍጥነት ሲሄድ ቆይቶ በድንገት ሲቆም ወይም ሲዞር፣ ለስላሳው አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ከሚገኙ ሻካራ የአጥንት ጫፎች ጋር ይላተማል፤ ስለዚህ በቅድሚያ የሚቀጠቀጡት የፊት ሎብ ሥርና የቴምፖራል ሎብ ጫፍ ናቸው። ሂፖካምፐስ ከዚህ የመጀመሪያ ምት ብዙ ጊዜ ያመልጣል። የሚጎዳው በቀጣዮቹ ሰዓታትና ቀናት ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት የደምና የኦክስጅን እጥረት ነው። የሲኤ 1 ሕዋሳት በመላው አንጎል ውስጥ ለዚህ እጥረት እጅግ ከሚሳሱት መካከል ናቸው፤ እጥረቱ አልፎ ሰውየው የዳነ ሲመስል፣ እነርሱ ከቀናት በኋላ ይሞታሉ። የደም ግፊቱ የወረደ ወይም የመተንፈሻ ቱቦው የተዘጋ ቁስለኛ መንገድ ዳር የሚያሳልፋት እያንዳንዷ ደቂቃ የምትቈጠረው እዚህ ረድፍ ላይ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ስለ ሲኤ 1 ሳስተምር ብዙ ተማሪዎች ለፈተና የሚሸመደድ ስም ይመስላቸዋል። አምቡላንስ ውስጥ ያለ የኦክስጅን ጭምብል ግን ከማንኛውም የትውስታ መድኃኒት ይልቅ ለዚህ ረድፍ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ምክንያት እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ነው። የተጎዱ ሕዋሳት ግሉታሜት የተባለውን መልእክተኛ ንጥረ ነገር ያለ መጠን ይለቃሉ። ግሉታሜት ኤንኤምዲኤ የተባሉትን ተቀባዮች ይከፍታል፤ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይጎርፋል፤ የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ የሆኑት ማይቶኮንድሪያ ይታወካሉ፤ የገዛ ራሱን ግድግዳ የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች ይነሣሉ። አሁን ወደ ጤናማው አንጎል እንመለስ። ቲም ብሊስና ቴርየ ሎሞ በኦስሎ በጥንቸሎች ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ግኝት፣ በሂፖካምፐስ ውስጥ ያለ የነርቭ ግንኙነት ደጋግሞ ሲነቃ ለሰዓታት ጠንክሮ እንደሚቆይ አሳየ። ይህ መጠንከር የትውስታ ሕዋሳዊ መሠረት ነው ተብሎ ይታመናል፤ በብዙዎቹ የሂፖካምፐስ ግንኙነቶችም የሚጀምረው በእነዚሁ በኤንኤምዲኤ ተቀባዮች በሚገባ ካልሲየም ነው። ሂፖካምፐስ ለመማር የተዘጋጀው በእነዚህ በሮች ብዛት ነው፤ በጉዳት ቀን ጎርፉ የሚገባውም በእነርሱ ነው። ተፈጥሮን መውቀስ ባይገባም፣ ዋጋው ከባድ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ከጥርስ መሳዩ ክፍል ሥር ሃይለስ በሚባለው ስፍራ የሚገኙ ሕዋሳትም በተለየ ሁኔታ ተሰባሪ ናቸው። ዳንኤል ሎወንስታይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 በአይጦች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ምት ብቻ እነዚህን ሕዋሳት መርጦ እንደሚገድልና የቀሩትን ለመለኮስ የቀለሉ እንደሚያደርጋቸው አሳይተዋል። ከጭንቅላት ጉዳት ወራት ወይም ዓመታት ቆይቶ የሚጥል በሽታ የሚነሣበት አንዱ መንገድ ይህ ሳይሆን አይቀርም። በአካባቢያችን እንዲህ ያለው ሕመም ሲነሣ ከቀደመው አደጋ ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙ ቤተ ሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጠበል ነው። ጠበሉን አትተዉ፤ የታዘዘውንም መድኃኒት አታቋርጡ የምለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ጉዳት የመስመሮች ነው። ሳቢና ስትሪች የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1956፣ ከባድ የጭንቅላት ጉዳት ደርሶባቸው ለወራት ሳይሻላቸው የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው፣ የነርቭ ሕዋሳት ረጃጅም ክሮች በሰፊው መበላሸታቸውን ገለጹ። ፎርኒክስም ከእነዚህ ተጋላጭ መስመሮች አንዱ ነው። ሂፖካምፐሱ ራሱ ቢተርፍ እንኳ የሚያገናኘው ሽቦ ከተበጠሰ ውጤቱ ተቀራራቢ ነው። እነዚህ ክሮች ደግሞ በሲቲ ስካን አይታዩም። «ሲቲው ንጹሕ ነው» ማለት በቀዶ ጥገና የሚወጣ ደም የለም ማለት ነው፤ ትውስታው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የተማሪዬ ወረቀት ላይ የተጻፈው የመጀመሪያው ነበር፤ እኔ ያነበብሁት ሁለተኛውን ነው።

አሁን ወደ አልጋው እንሂድ። ግሬሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት የግላስጎው የኮማ መለኪያ በሁሉም የድንገተኛ ክፍል ይታወቃል፤ ከ3 እስከ 15 ይቈጥራል። መለኪያው የተሠራው ንቃትን ለመለካት ነው፤ 15 ያገኘ ሰው ትውስታው ገና ላይመለስ ይችላል። ከእርሱ በፊት የኦክስፎርዱ ሐኪም ሪቺ ረስል ሌላ ነገር አስተውለው ነበር። ከንቃት በኋላ ሕመምተኛው የሚናገርበት፣ የሚበላበት፣ ዘመድ የሚለይበት፣ ነገር ግን ከሰዓት ወደ ሰዓት ምንም የማይዝበት ጊዜ አለ። ድኅረ ጉዳት የመርሳት ጊዜ እንበለው። የጉዳቱ ክብደት የሚለካውም በዚህ ጊዜ ርዝመት ነው፤ ከአንድ ሰዓት በታች ከሆነ ቀላል፣ እስከ አንድ ቀን መካከለኛ፣ እስከ አንድ ሳምንት ከባድ፣ ከሳምንት ካለፈ እጅግ ከባድ። የተማሪዬ ጊዜ፣ ኋላ ጠይቀን እንዳሰላነው፣ ስድስት ቀን ያህል ነበር። ይህን ቍጥር በፋይሉ ላይ የጻፈው አልነበረም።

ቍጥሩን ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሃርቪ ሌቪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1979 በጋልቬስተን ያዘጋጁት መጠይቅ ጥቂት ጥያቄዎች ብቻ ነው ያሉት፦ የት ነህ? ዛሬ ምን ቀን ነው? ከአደጋው በፊት የመጨረሻ ትዝ የሚልህ ምንድን ነው? ከአደጋው በኋላስ መጀመሪያ ትዝ የሚልህ? እነዚህን በየቀኑ ደግሞ መጠየቅ ነው። በእኛ አገር ስንጠቀምበት ግን ማሰብ አለብን። ሕመምተኛው ጧት «ሁለት ሰዓት ነው» ሲል ትክክል ነው፤ በውጭው ሰዓት የሚያርም ሰልጣኝ ስድስት ሰዓት ተሳሳተ ብሎ ነጥብ ይቀንስበታል። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም፤ እንዲህ የተሞላ ቅጽ በዓይኔ አይቻለሁ።

በዚህ የመርሳት ጊዜ ውስጥ ያለ ሰው ባዶውን ባዶ አድርጎ አይተወውም። የእኛ ደግ ባህል ደግሞ በዚህ ላይ ሳያስበው ያግዘዋል። ጠያቂ ይመጣል፤ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ አደጋው እንዴት እንደ ሆነ፣ ሾፌሩ እንዴት ይነዳ እንደ ነበር፣ ከሰማው እየጨመረ ይተርካል። ተማሪዬ በሦስተኛው ቀን ፖሊስ ቃሉን ሲቀበለው፣ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ እንደ ነበረና ሾፌሩ ስልክ ሲያናግር እንዳየ በርግጠኝነት ተናገረ። ኋላ የሌሎቹ ተሳፋሪዎች ቃል ሲሰማ፣ ልጁ የኋላ መቀመጫ ላይ ተኝቶ ነበር። አልዋሸም። የሰማውን ከራሱ ዓይን ለይቶ የሚያውቅበት ሥርዓት ያን ሰሞን አይሠራም ነበር። ሌሎች ምስክሮች ባይገኙ ግን አንድ ሾፌር በዚያ ቃል ሊፈረድበት ይችል ነበር። የሕግ ትምህርት ክፍል ባልደረቦቼ እዚህ ስላላችሁ እለምናችኋለሁ፦ የጭንቅላት ጉዳት ያለበት ሰው ቃል በየትኛው ቀን እንደ ተወሰደ፣ ያን ቀንም የመርሳት ጊዜው ማለፉ በሐኪም መረጋገጡን ጠይቁ።

ከአደጋው በፊት ያለውም ይጠፋል። ፈረንሳዊው ቴዎዱል ሪቦ እ.ኤ.አ. በ1881 እንደ ጻፈው፣ ቅርብ ያለው ትውስታ ከሩቁ ይልቅ ለመጥፋት የቀረበ ነው። ረስልና ፒተር ናታን እ.ኤ.አ. በ1946 ከአንድ ሺህ በላይ ጉዳተኞችን ዘግበው፣ የጠፋው ዘመን ከሩቁ ወገን እየተመለሰ እንደሚጠብና በብዙዎቹ በመጨረሻ የሚቀረው ከምቱ በፊት ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች እንደ ሆኑ አሳዩ። እነዚያ ደቂቃዎች አይመለሱም፤ ሂፖካምፐስ አጽንቶ ሳያስቀምጣቸው ስለ ተቋረጠ ከመጀመሪያውም አልተጻፉም። ስለዚህ «ቀስ ብሎ ያስታውሳል» እያሉ ሰውን ማስጨነቅ ጥቅም የለውም።

የልብ አሠራርን እንደ ድሮው ያብራራልኝ ለምን እንደ ነበር አሁን ግልጽ ሳይሆንላችሁ አይቀርም። የሁለተኛው ዓመት ትምህርት በብዙ ክለሳ ጸንቶ በኮርቴክስ ውስጥ ተሰራጭቷል። አነጋገሩ፣ ትሕትናው፣ የእጅ ጽሑፉ፣ ሁሉም አለ። የጎደለው አዲሱን የሚቀበለው ነው፤ እርሱም በአንድ የአሥር ደቂቃ ጭውውት አይታይም። ደካማ ተማሪ ቢሆን ኖሮ ቶሎ እንጠረጥር ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ጉብዝናው ሸፈነበት። በዚያ ላይ የፊት ሎብ ጉዳት ሲታከልበት ሰውየው መርሳቱን ራሱ ላያውቅ ይችላል፤ ስለዚህ «ደኅና ነኝ» ማለቱ ማስረጃ አይሆንም።

ስለ ሕክምናው ባጭሩ። የሞቱትን የሂፖካምፐስ ሕዋሳት የሚመልስ መድኃኒት ዛሬ የለንም። እብጠትን ይቀንሳል ተብሎ ለዓመታት ይሰጥ የነበረው ኮርቲኮስቴሮይድ ከዐሥር ሺህ በላይ ሕሙማን በተካተቱበት ክራሽ በተባለ ሙከራ ሲፈተሽ ሞትን እንደሚጨምር ታወቀ፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ስለዚህ «ለአንጎል የሚሆን መርፌ አለ» የሚሏችሁን ጠርጥሩ። ብዙው መሻሻል በመጀመሪያዎቹ ወራት ይታያል፤ ከዚያ በኋላም በዝግታ ሊቀጥል ይችላል። የሚረዳው በቂ እንቅልፍ፣ ደብተርና የስልክ ማስታወሻ ያለ ኀፍረት መጠቀም፣ እንዲሁም ትምህርትን በትንንሹ ቆርሶ ክፍተት እየሰጡ መከለስ ነው። በዜማ ቤት ተማሪው የተቀበለውን ቀለም ሌሊት ተነሥቶ፣ በማግሥቱም፣ በሳምንቱም መልሶ የሚለው በከንቱ አልነበረም። ለተጎዳ ሰው ግን አንድ ልዩነት አለ፤ «እስኪ ገምት» አይባልም። የተሳሳተ ግምቱ እንደ ልማድ ሊጸናበት፣ ስሕተት መሆኑን ግን ሊረሳ ይችላልና ትክክለኛውን ቀድሞ መስጠት ይሻላል።

ለፋኩልቲያችን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የጭንቅላት ጉዳት ደርሶበት የተመለሰ ተማሪ «መቀጠል ይችላል» በሚል ወረቀት ብቻ አይመዘገብ፤ ራሱን ስቶ ስንት ጊዜ ቆየ፣ የመርሳት ጊዜውስ ስንት ቀን ነበር የሚለው ይጠየቅ። በመጀመሪያው ወር አንድ መምህር ሰኞ ያስተማረውን ረቡዕ ይጠይቀው፤ ይህ ፈተና አይደለም፤ ነጥብ የለውም። አዲስ ነገር አለመያዙ ከታየ ዓመቱን በመውደቅ ሳይሆን በሕክምና ፈቃድ እንዲያቋርጥ ይደረግ። የመጨረሻው ከሬጅስትራር ጋር ክርክር እንደሚያስነሣ ዐውቃለሁ፤ ተከራክሬም ዐውቃለሁ።

ተማሪዬ አንድ ዓመት አቋርጦ ተመለሰ፤ ከጓደኞቹ ዘግይቶ ተመረቀ። ትውስታው እንደ ድሮው አልሆነም፤ ትንሽ ደብተር ከኪሱ አይለይም። ከመመረቁ በፊት ቢሮዬ ጠርቼ ስለዚያች ቀን ይቅርታ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና፣ «ዶክተር፣ እኔ እኮ ያን ቀን አላስታውሰውም» አለኝ። ቀጥሎ ደብተሩን አውጥቶ የዕለቱን ቀን ጠየቀኝና ጻፈ። ምን እንደ ጻፈ አልጠየቅሁትም።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ። ጥያቄና አስተያየት ካለ፣ ከተማሪዎች እንጀምር።